ሆድ ይፍጀው ያልነው ነገር ወዴት ይሄዳል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን አንድ ሰው ከባድ ነገር ሲደርስበትና ሊናገረው ባይወድ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ይህን የሰማ ወዳጁም «ተወው፤ እርሳው፤ ያለፈው አልፏል» ብሎ ያጽናናዋል። ሁለቱም ንግግሮች በቅን ልቡና የሚነገሩ ናቸው። እኔም በአስተማሪነት በኖርሁባቸው ዘመናት ሁሉ፣ ከክፍል ውጭ ሲያለቅስ ላገኘሁት ተማሪ ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። ጡረታ ወጥቼ ከመጻሕፍቴ ጋራ ለመዋል ጊዜ ካገኘሁ ወዲህ ግን የምክሩን እውነተኛነት መጠራጠር ጀመርሁ። ሆድ በእርግጥ ይፈጃልን? የተረሳውስ ነገር ይጠፋል ወይስ ተደብቆ ይኖራል? ይህን ለመመርመር ከሌላ አገር ታሪክ አንድ ምዕራፍ እተርካለሁ። ከዚያም በኋላ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ እርሱን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ወስዶብኛል። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በኛ አቆጣጠር የጻፍሁትን «ዓ.ም.» ብዬ ለይቼዋለሁ።

ስለ መርሳት በልክና በቁጥር በመመርመር ቀዳሚነቱን የያዘው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ይህ ሰው ሌሎችን አልመረመረም፤ መርማሪውም ተመርማሪውም እርሱ ራሱ ነበረ። ትርጉም የሌላቸው 2,300 ያህል ቍርጥራጭ ድምፆች አዘጋጅቶ በተርታ በቃሉ ያጠና ነበር፤ ጊዜ አሳልፎም ያንኑ ተርታ እንደ ገና ሲያጠና ድካሙ ምን ያህል እንደ ቀነሰለት ይመዝን ነበር። በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከፊተኛው ድካም 58 ከመቶ ያህል ይቀንስለት ነበር፤ ከ1 ሰዓት በኋላ 44 ከመቶ፣ ከ1 ቀን በኋላ 34 ከመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ ግን 21 ከመቶ ብቻ። ይኸውም መርሳት በመጀመሪያው ሰዓት እንደ ጎርፍ ይሮጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን እርምጃው ዝግ ይላል ማለት ነው። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙረ ዳዊትን በቃል ስናጠና፣ ማታ ያጠናነውን ጧት ካልደገምነው እንደሚበንን ኤቢንግሃውስን ሳናነብ እናውቀው ነበር።

ነገር ግን ትርጉም የሌለውን ድምፅ መርሳትና የወንድምን ሞት መርሳት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሳንፈልገው ይሸሸናል፤ ሁለተኛውን ግን እኛው እናባርረዋለን። የቪየናው ሐኪም ሲግሙንድ ፍሮይድ በ1915 በጻፈው ድርሰት፣ አእምሮ የሚያሳፍረውን ወይም የሚያስጨንቀውን ነገር ከንቃተ ኅሊና ገፍቶ እንደሚያርቀውና የተገፋው ነገር ግን በሌላ መልክ እየተመለሰ እንደሚያስቸግር አስረዳ። ከፍሮይድ ትምህርት ብዙው ክፍል ኋላ በሌሎች ሊቃውንት ተነቅፏል፤ እኔም ሁሉን የምቀበል አይደለሁም። ይሁን እንጂ ይህ ኀሳብ እርሱ በተናገረበት በዚያው ወራት በጦርነት እሳት የሚፈተን ሆነ።

በ1914 የጀመረው የዓለም ጦርነት ሰው በሰው ላይ ከዚያ በፊት ያላዘነበውን ያህል የመድፍ ጥይት ያዘነበበት ጦርነት ነበረ። ወታደሩ በጭቃ በተሞላ ምሽግ ውስጥ ለቀናትና ለሳምንታት ተቀምጦ፣ የሚሸሽበትም የሚዋጋበትም መንገድ ሳይኖረው፣ የሚመጣውን ጥይት ይጠብቃል። ብዙ ሳይቆይም በሰውነታቸው ላይ አንዳች ቍስል የማይታይ ወታደሮች ወደ ሆስፒታል ይመጡ ጀመር። አንዱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ዲዳ ሆኗል፤ አንዱ ዓይኑ አያይም፤ ሌላው የደረሰበትን ከቶ አያስታውስም። ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በየካቲት 1915 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ነዚህ ሕሙማን ሲጽፍ፣ በወታደሮቹ ዘንድ የተለመደውን «የመድፍ ድንጋጤ» የሚለውን ስም ተጠቀመ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በእንግሊዝ ጦር ብቻ ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ሕመም ታክመዋል።

አለቆቹ ግን በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ፈሪነት ቈጠሩት። በዚያ ጦርነት ከግንባር በመሸሽ፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ክስ 306 የብሪታንያና የግዛቶችዋ ወታደሮች በገዛ ወገኖቻቸው ጥይት ተረሽነዋል። ከነርሱ መካከል አንዳንዶቹ አእምሮአቸው የታመመ እንደ ነበሩ ይታመናል። የእንግሊዝ መንግሥት ምሕረት ያደረገላቸው በ2006 ነው፤ ምሕረቱ ሲታወጅ እናቶቻቸው ሁሉ በመቃብር ነበሩ። ከሐኪሞቹም መካከል እንደ ሉዊስ ዪላንድ ያሉት የዲዳውን ወታደር ጉሮሮ በኤሌክትሪክ እየነዘሩ በግድ እንዲናገር ያደርጉ ነበር። ይናገራል፤ መናገሩ ግን መዳን መሆኑን አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንመጣለን። ዊልያም ሪቨርስ በ1864 በእንግሊዝ አገር የተወለደ ሐኪምና የሕዝቦችን ልማድ የሚመረምር ሊቅ ነበረ፤ ጦርነቱ ሳይነሣ በ1898 ወደ ቶሬስ ወሽመጥ ደሴቶች ሄዶ፣ ኋላም በህንድ አገር የቶዳን ሕዝብ ኑሮ አጥንቶአል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚኮላተፍ፣ ዝምታን የሚወድ ሰው ነበረ። ስለ ራሱ የጻፈው አንድ ነገር በጣም ያስገርማል። እስከ 5 ዓመቱ የኖረበትን ቤት ሲያስብ ምድር ቤቱን ያስታውሰዋል፤ ፎቁን ግን በማናቸውም መንገድ ሊያስታውሰው አልቻለም። በየቀኑ ወጥቶ የሚተኛበት ፎቅ ከአእምሮው ፈጽሞ ተፍቋል። እዚያ ላይ አንድ ያስደነገጠው ነገር ሳይኖር እንደማይቀር ገመተ፤ ምን እንደ ሆነ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አላወቀውም። የሌሎችን የተቈለፈ ክፍል የከፈተው ሐኪም የራሱን ሳይከፍት መሞቱን ሳስብ፣ ስለ ሰው አእምሮ በድፍረት ከመናገር እቈጠባለሁ።

በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ አጠገብ ክሬግሎክሃርት የተባለ ትልቅ ሕንጻ ነበረ። በሰላም ጊዜ ሀብታሞች በውሃ የሚታከሙበትና የሚያርፉበት ቤት ነበረ፤ በ1916 ግን የመድፍ ድንጋጤ ላገኛቸው መኰንኖች ሆስፒታል ተደረገ። ሪቨርስ እዚያ ተመደበ። ቀን ቀን ቤቱ እንደ ማናቸውም የመኰንኖች ማረፊያ ይመስላል፤ ሰዎቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ይጨዋወታሉ፣ በአትክልቱ ይመላለሳሉ። ሌሊት ግን ቤቱ የጩኸት ቤት ይሆናል። በየክፍሉ ሰው በላብ ተነክሮ ከሕልሙ ይነቃል።

ሪቨርስ እነዚህን መኰንኖች ሲጠይቅ ሁሉም ከዘመዶቻቸውም ከሐኪሞቻቸውም የተሰጣቸው ምክር አንድ ሆኖ አገኘው፤ እርሱም «እርሳው» የሚል ነው። ስለ ጦርነቱ አትናገር፤ የጦርነት ወሬ የያዘ ጋዜጣ አታንብብ፤ ስለሚያምር አገርና ስለ ደስታ ብቻ አስብ። መኰንኖቹም ታዛዦች ነበሩና በሙሉ ኃይላቸው ሞከሩ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ይሳካላቸዋል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ገፍተው ያራቁት ነገር ተጠራቅሞና በርትቶ ይመጣል። አንባቢዬ ልብ ይበል፤ የሚያሠቃያቸው ያዩት ነገር ብቻ አልነበረም፤ ያዩትን ነገር ለመግፋት የሚያደርጉት ትግልም ነበረ እንጂ።

በታኅሣሥ 4 ቀን 1917 ሪቨርስ ይህን ጉዳይ በለንደን ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ፤ ጽሑፉም በየካቲት 1918 በላንሴት ታተመ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ታሪኮች አንዱን እነግራችኋለሁ።

አንድ ወጣት መኰንን ነበረ። ወዳጁን ሊፈልግ ሄዶ፣ ጥይት ሰውነቱን በታትኖት አገኘው፤ ራሱና እጅ እግሩ ከገላው ተለይቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ሌሊት ያ የተቈራረጠው ሬሳ በሕልሙ ይመጣበታል፤ አንዳንድ ጊዜም በሥጋ ደዌ የበሰበሰ ሰው ሆኖ ቀስ ብሎ ይቀርበዋል። መኰንኑ እንደ ተመከረው ነገሩን ሊረሳ ይታገላል፤ ትግሉም አላዳነውም። ሪቨርስ «እርሳ» አላለውም። ይልቁንም ያንኑ የሚሸሸውን ሥዕል በቀን ብርሃን አብረው እንዲመለከቱት አደረገ። እንዲህም አስረዳው፦ ሰውነቱ ያን ያህል መበታተኑ ወዳጅህ በቅጽበት መሞቱን ያረጋግጣል፤ እንደ ሌሎቹ ቈስሎ ሲያጣጥር አላደረም፤ ከሥቃይ ሁሉ ድኗል። መኰንኑ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ከእንግዲህ ኀሳቡን እንደማያባርረው፣ ስለ ወዳጁም ሲያስብ በዚህ በኩል እንደሚያስብ ተናገረ።

ጥቂት ሌሊቶች ያለ ሕልም አለፉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሕልሙ መጣ። እንደ ቀድሞው ሬሳውን አገኘ፤ ነገር ግን የቀድሞው ድንጋጤ አልነበረም። ለዘመዶቹ የሚሆን ዕቃ ሊሰበስብለት በአጠገቡ ተንበረከከ፤ ይህንንም በእውኑ በርግጥ አድርጎት ነበረ። የወዳጁን የመኰንንነት ቀበቶ በመፍታት ላይ ሳለ ነቃ። ሲነቃም አልጮኸም፤ በዝግታ ያለቅስ ነበረ። የተሰማው ስለ ወዳጁ ማዘን ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሪቨርስ መኰንኑን ከኀዘን አላወጣውም፤ ወደ ኀዘን አስገባው እንጂ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ያ ሰው ለወዳጁ አላለቀሰለትም ነበር፤ ፈርቶት ብቻ ነበር።

ሪቨርስ ግን ሐቀኛ ሰው ነበረና ያልተሳካለትንም ጽፎአል። ሌላው መኰንን በጥይት ፍንዳታ ተወርውሮ ሲወድቅ፣ ፊቱ ከሞተ ቀናት ባለፉት የጠላት ወታደር ሆድ ውስጥ ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ያ ጣዕምና ያ ሽታ አልለቀቀውም። ሪቨርስ በዚህ ትዝታ ውስጥ አንድ የሚያጽናና ወገን ሊፈልግ ሞከረ፤ አላገኘም። መኰንኑ ከጦሩ ወጥቶ ቀድሞ እፎይታ ወዳገኘበት ወደ ገጠር ኑሮ እንዲሄድ ተደረገ። ደግሞም ሪቨርስ «ሁልጊዜ ስለ ቍስልህ አስብ» አላለም፤ ዘወትር በትዝታ ላይ መዋል እንደ ማፈኑ ሁሉ እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል።

በዚህ ሕክምና ውስጥ አንድ መራራ ነገር አለ። የዳነ መኰንን ወደ ጦር ግንባር ይመለሳል። በ1917 ጦርነቱን በግልጽ የተቃወመው ባለቅኔ ሲግፍሪድ ሳሱን ወደ ክሬግሎክሃርት ተልኮ የሪቨርስ ታካሚ ሆነ፤ ኋላም በፈቃዱ ወደ ግንባር ተመልሶ በሕይወት ተርፎ እስከ 1967 ኖረ። በዚያው ሆስፒታል በሌላ ሐኪም እጅ ይታከም የነበረው ዊልፍሬድ ኦወን ግን ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በኅዳር 4 ቀን 1918 ተገደለ። ሪቨርስም ይህ የሥራው ፍሬ ኅሊናውን ሳያስጨንቀው አልቀረም። በ1922 በድንገት ሞተ።

ከርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ነገሩን ከሆስፒታል ወደ ምርምር ክፍል አስገቡት። በ1987 አሜሪካዊው ዳንኤል ዌግነርና ጓደኞቹ ሰዎችን ሰብስበው «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ከመጣባችሁ ደወል ምቱ» አሏቸው። ደወሉ መደወሉን ቀጠለ። እንዲያውም ክልከላው ከተነሣላቸው በኋላ፣ ከመጀመሪያ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ እነርሱ ስለ ድቡ አብልጠው አሰቡ። አንባቢዬ ይህን አሁኑኑ በራሱ ሊሞክረው ይችላል።

ነገር ግን በ2001 ማይክል አንደርሰንና ኮሊን ግሪን የታተመላቸው ምርመራ ደግሞ ሌላውን ወገን አሳየ። ሰዎች ጥንድ ጥንድ ቃሎች ካጠኑ በኋላ፣ አንደኛው ቃል ሲታያቸው ጥንዱን ከአእምሮአቸው እንዲከለክሉ ታዘዙ። ይህን ብዙ ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ያንን ቃል በርግጥ ማስታወስ እየቀነሰባቸው ሄደ። በ2004ም በአእምሮ ፎቶግራፍ ሲታይ፣ በዚያ ክልከላ ጊዜ የግንባሩ የአንጎል ክፍል ሲበረታ ትዝታን የሚያሰናዳው የውስጠኛው ክፍል ሲደክም ተገኘ። ሌሎች መርማሪዎች ይህንኑ ሞክረው ያላገኙበት ጊዜም አለ፤ የተገኘውም ለውጥ ታላቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው ከለመደበት የሚያስታውሰውን ነገር በር ሊዘጋበት እንደሚችል ይጠቁማል። ስለዚህ የዌግነርና የአንደርሰን ነገር የሚጣላ አይመስለኝም። ነጩን ድብ ለ5 ደቂቃ መከልከል አይቻል ይሆናል፤ ለ40 ዓመት የለመደ ሰው ግን ምን እንደሚችል ወደ ፊት እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ለወጣቶች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለው የካምብሪጅ ሊቅ፣ በወጣትነቱ የሪቨርስን ፈለግ የተከተለ ሰው፣ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ትዝታ ከሣጥን እንደሚወጣ ዕቃ አለመሆኑን አስረዳ። የአሜሪካ ሕንዶችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ ከጊዜ በኋላ ሲያስነግራቸው፣ እንግዳው ነገር ሁሉ ወደሚያውቁት ነገር ተለውጦ አገኘው፤ ከእንጨት የተቦረቦረው ታንኳ ተራ ጀልባ ሆነ። ሰው ባስታወሰ ቍጥር ትዝታውን እንደ ገና ይሠራዋል። በ1995ም ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ባልደረባዋ 24 ሰዎችን ወስደው፣ በልጅነታቸው ከገበያ አዳራሽ ጠፍተው እንደ ነበረ ከዘመድ የተሰማ አስመስለው ነገሩአቸው። ከነርሱ ሩቡ ያህል ፈጽሞ ያልሆነውን ነገር በሙሉ ወይም በከፊል «አስታወሱ»። ይህም የቀልድ ነገር አይደለም። በ1990 በካሊፎርኒያ አንድ አባት ልጁ ከ20 ዓመት በኋላ ተመለሰልኝ ባለችው ትዝታ ምክንያት በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት፣ በ1995 ፍርዱ ተሽሯል። እንግዲህ የታፈነ ነገር ይመለሳል እያልን፣ ተመለሰ የተባለውን ሁሉ እውነት ነው ብለን እንዳንቀበል። ትዝታ ምስክር ያስፈልገዋል።

ወደ አገራችን ልመለስ። አባቶቻችን ሪቨርስን ሳያነቡ የሪቨርስን መድኃኒት ያውቁት ነበር። መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ ልቅሶ ይወጣል፤ የሟቹ ሥራና መልክ በሙሾ ይነሣል፤ ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተቈጠረ ኀዘን በልክ ይወጣል። ሰው ብቻውን ከሬሳው ጋራ አይተውም። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን፣ ልጆቻቸው ለተገደሉባቸው ብዙ ቤተሰቦች ማልቀስ ተከለከለ። የልጃቸውን ሬሳ ያላገኙ፣ የሞተበትን ቀን ያላወቁ፣ ጥቁር መልበስ ያልተፈቀደላቸው እናቶች በዚያን ጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ያሉት ወድደው አልነበረም። የሰማዕታቱ መታሰቢያ ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ እኔ ከደጁ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ በሦስተኛው ገባሁ። ምክንያቱን ልናገር።

በ1970 ዓ.ም. የ21 ዓመት አስተማሪ ነበርሁ፤ ሥራ ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በክፍሌ ውስጥ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጥ የ16 ዓመት ልጅ ነበረ። ጧት ጧት ስም ስጠራ ሁሉም በተራው «አቤት» ይላል። አንድ ቀን ይህ ልጅ «አቤት» አላለም። በማግሥቱም አላለም። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ «ያን ስም ሰርዘው» ተባልሁ፤ ማን እንዳለኝ መናገር ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። በማስመሪያና በቀይ ቀለም ሰረዝሁት።

ከዚያ ወዲህ ለ40 ዓመት ያህል፣ ስለዚያ ልጅ በሐሳቤ የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ወደ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ትምህርቱን እዚያ ቀጠለ» የሚል። ማን እንደ ነገረኝ አላውቅም። የሚጠይቀኝም ሰው ቢኖር እንዲሁ እመልስለት ነበር፤ በመመለሴም አንዳች የመዋሸት ስሜት አልነበረብኝም። ይህን የምጽፈው አንባቢ በኔ ላይ እንዲፈርድ ወይም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከውስጥ ያየሁት ስለ ሆነ ነው። ሐሰቱ ሲመጣ እንደ ሐሰት ሆኖ አልመጣም። ልጁን ባሰብሁ ቍጥር በአጎቱ ቤት አየው ነበር።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እኔ አልወጋሁም፤ አጠገቡ ቆሜ ግን ማስመሪያ ይዤ ነበር። ምሳሌው ስለ እንደኔ ያለው ሰው ምንም አይልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጎረቤት ልቅሶ ላይ አንዲት ሴት መጥታ ሰላም አለችኝ። ስሙን ነገረችኝና «ጋሼ፣ እኔ እኅቱ ነኝ» አለች። እኔም ወዲያው «አጎቱ ዘንድ ሄዶ አልነበረምን?» አልኋት። ዝም ብላ ትንሽ አየችኝ። ከዚያም በረጋ ድምፅ እንዲህ አለች፦ «አጎት የለንም፣ ጋሼ። እናታችን እኮ ትምህርት ቤት መጥተው እርስዎን ጠይቀዎት ነበር። እኔ ነጠላቸውን ይዤ ነበርሁ። እርስዎ ‹አላውቅም› አሏቸው።»

እውነቱን ልናዘዝ። በዚያች ደቂቃ ሎፍተስ ትዝ አለችኝ። ሴትዮዋ ያን ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የ7 ዓመት ልጅ ትዝታ ሊሳሳት ይችላል፤ ከሌላ የሰማችውን እንዳየችው አድርጋ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁሉ ኀሳብ ተሰልፎ መጣልኝ። የተማርሁትን ዕውቀት በርስዋ ላይ እንደ ጋሻ ልይዘው ከጀለኝ። ዕውቀት ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ላለማወቅም እንደሚያገለግል ያን ቀን ተረዳሁ። የተናገርሁት ግን የለም፤ «አይ» ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን ያህል ዕቃ ስበረብር ሰነበትሁ። ከአሮጌ የቆርቆሮ ሣጥን ሥር የ1970 ዓ.ም. የግል ስም መጥሪያ ደብተሬን አገኘሁት። ስሙ አለ። ቀዩ መስመር አለ፤ ቀለሙ ቡኒ ሆኗል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ በራሴ እጅ በእርሳስ የተጻፉ ሁለት ቃላት አሉ፤ «እናት መጡ» የሚሉ። የፊደሉ አጣጣል የኔ ነው፤ ልክደው አልችልም። ስለ አጎት የተጻፈ አንድ ፊደል የለም።

ደብተሩን ይዤ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረ፤ እርስዋ ግን ለንግግሩ ጊዜ አልሰጠችኝም። ደብተሩን ተቀብላ በጣትዋ ስሙን እየተከተለች የመገኘት ምልክቶቹን ትቈጥር ጀመር። ኅዳርን ጨረሰች፤ ታኅሣሥን ጨረሰች። ጥር ላይ ስትደርስ ጣትዋ ቆመ። የመጨረሻዋ ምልክት ጥር 8 ቀን ላይ ነበረች። «እንግዲያው ጥር 8 ቀን ክፍል ነበረ ማለት ነው?» አለች። «አዎን፣ ነበረ» አልኋት። እናታቸው ቀኑን ሳያውቁ እንደ ሞቱ፣ በዚህም ምክንያት ሙት ዓመት አውጥተውለት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ትንሹ ወንድምዋ ከጓዳ ወጥቶ ቀኑን በወረቀት ላይ ጻፈው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር 9 ቀን ይታሰባል። እኔም ተጠርቼ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ደብተሩን በሞሰብ ላይ አኑረውት ነበር፤ አሁን በመስተዋት ውስጥ አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ ቀዩ መስመር ከደጅ ጀምሮ ይታያል። ባለፈው ጥርም ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ ቡና ስትቀዳልኝ ፊትዋን እያየሁ፣ ያን ዕለት ከክፍሌ ደጅ ላይ የቆሙትን የእናትዋን መልክ ለማግኘት ሞከርሁ። ነጠላቸውን እንኳ አላገኘሁትም።